ለሰውየው የተሰፋ ሸራ

በረንዳችን ላይ የውሃ በርሜል አለ። በርሜሉን የሸፈነው አረንጓዴ የመኪና ሸራ ነው፤ አንድ ጎኑን ራሴ ተርትሬዋለሁ፣ ታቹ ተቀዷል። ባለቤቴ ባየችው ቁጥር "ይኼን ነገር ጣልልኝ" ትለኛለች። እሺ እላታለሁ፣ አልጥለውም። ውሃ ስቀዳ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ነው የምቀዳው። ሸራው በፊት የጎልፍ ዱላዎቼ መሸፈኛ ነበር። የሰፋችው እህቴ ናት። ስትሰፋው ግን ለእኔ መሆኑን አላወቀችም፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

ሥራዬ ጎልፍ ማስተማር ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ጎልፍ አስተምራለሁ ቢል ማንም አያምነውም፣ እኔም አልፈርድበትም። ለብሎካችን ግማሹ ሰው የአንድ ሀብታም ግቢ ዘበኛ እመስለዋለሁ። በየቀኑ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ከተማው ሌላኛው ጫፍ እስካለው የጎልፍ ክበባችን እሄዳለሁ። ከማስተማሬ በፊት ሃያ ዓመት ያህል ካዲ ነበርኩ። ካዲ ማለት፣ ሰውየው ይመታል፣ አንተ ዱላውን ትሸከማለህ። ኳሱ ቀጥ ብሎ ከሄደ እሱ ጎበዝ ነው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባ "የት ነበር የምታየው?" ትባላለህ። ሜዳው ሰኞ ሰኞ ሲዘጋ እኛ ተደብቀን እንመታ ነበር፤ የተማርኩት እንደዚያ ነው። አሥራ አራት ዱላ አለኝ፣ አሥራ አራቱም የተለያየ አባት ልጆች ናቸው። ሰልችቶት የሰጠኝ አለ፣ ተናዶ ወርውሮት "ውሰደው፣ ዓይኔ እንዳያየው" ያለኝም አለ።

ታዲያ ናይሮቢ ላይ የጎልፍ አስተማሪዎች ውድድር ተዘጋጅቶ ከክበባችን ሁለት ሰው ሲጠራ አንዱ እኔ ሆንኩ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አውሮፕላን የማውቀው ከሥሩ ቆሜ ሽቅብ ሳየው ብቻ ነው። ወሬውን ይዤ እየበረርኩ ቤት ገባሁና ለባለቤቴ ነገርኳት። እንኳን ደስ አለህ አላለችኝም።

"ለማን ነገርክ?" አለች።

"ላንቺ።"

"በቃ፣ እዚሁ ይቅር።"

በእኛ ዘንድ ሰው ውጭ ሀገር ሊሄድ ሲል አይናገርም። ዓይን አለ፣ አፍ አለ፣ ምቀኛ አለ፤ ሰው ከሰማው ይቀራል ይባላል። ትናንት ደረጃ ላይ "ደህና እደር" ያለህ ጎረቤት በሳምንቱ ከዱባይ ፎቶውን ይለጥፋል። አንተም አትቀየመውም፤ ተራህ ሲደርስ ያንኑ ነው የምታደርገው።

ባለቤቴ ደግሞ የራሷ ምክንያት ነበራት፣ እሱን አልክድም። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ቤይሩት ሥራ አግኝታ ነበር። ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረች፣ ሽኝት ተደረገላት፣ ተለቀሰላት፤ በመጨረሻው ቀን ነገሩ ተሰረዘ። ሻንጣዋን እየጎተተች በሄደችበት መንገድ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ "ቤይሩት" የሚል ስም አወጣላት። በሽኝቱ ቀን እህቴ እጇን ይዛ "ምነው ብትቀሪ፣ እኔስ ሆዴ ፈራ" ብላት ነበር። እህቴ የተናገረችው ከፍቅር ነው። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ "ያስቀረችኝ እሷ ናት" ባይ ናት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። እነሆ አሥራ ስምንት ዓመት፣ አልታሸም።

እናም መሰናዳቱ የሌባ ሥራ ሆነ። ከጎረቤት ሻንጣ መዋስ ወሬ መንዛት ስለሆነ መርካቶ ሄደን ገዛን። ገዝተንም እንደ ሻንጣ አላስገባነውም። ባለቤቴ ማዳበሪያ ውስጥ ከትታ አፉን በገመድ አሰረችው፣ እኔ እንደ ከሰል ተሸክሜ ደረጃውን ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ በራቸው ላይ ቆመው፣

"ከሰሉን ከየት አገኛችሁት?" አሉኝ።

"ከሞጆ መንገድ።"

"ለእኔም አንድ ማዳበሪያ ብታመጣልኝ ምን ነበር?"

እሺ አልኩ። በሦስተኛው ቀን እውነተኛ ከሰል ፈልጌ አምጥቼ በራቸው ላይ አወረድኩ። ውሸት ስትዋሽ ሸክሙም አብሮ እንደሚመጣ ያኔ መማር ነበረብኝ።

ክበቡ የሰጠኝን ሁለት ነጭ ሱሪ ባለቤቴ አጥባ መኝታ ቤት ውስጥ አሰጣችው። በረንዳ ላይ ቢሰጣ፣ በገላን ጭቃ ነጭ ሱሪ ለምኑ ነው ብሎ የማይጠይቅ የለም። የቢጫ ወባ ክትባት ልወጋ ስሄድ ጥርሴን ልነቀል ነው አልኩ። ከሄድኩ በኋላ ለጎረቤት የሚነገረውም ቀድሞ ተዘጋጀ፦ ለሥራ ሀዋሳ ወርዷል፣ በሳምንቱ ይመጣል። ይኼን ሁሉ እየሳቅን ነበር የምናደርገው። እውነቱን ለመናገር፣ ከባለቤቴ ጋር እንደዚያ የሳቅንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሳቄ የቆመው "ለእህትህም ቢሆን አይነገርም" ስትል ነው።

ታላቅ እህቴ ለእኔ እናትም ናት። ወላጆቻችን ሲሞቱ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሷ ሃያ አንድ። አቃቂ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ አጠገብ ባለው ቤታችን ውስጥ አሳደገችኝ፣ ዛሬም እዚያው ናት። ብዙ ዘመን ፋብሪካ ሠርታ ከዚያ ስትወጣ ቃሊቲ አንድ የከባድ መኪና ጋራዥ ገብታ ሸራ ሰፊ ሆነች። ጭነት የሚሸፈንበትን ወፍራሙን ሸራ ማለቴ ነው። ሴት አትችለውም የተባለ ሥራ ነበር። አሁን ሾፌሮቹ "የእሷ ስፌት ጅቡቲ ደርሶ ይመለሳል" ይላሉ።

ባሏ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። አንዲት ሴት ልጅ አለችን፣ "አለችን" የምለው እኔም አባቷ የሆንኩ ስለሚመስለኝ ነው። በለቅሶው ላይ፣ ለቀስተኛው እየሰማ፣ እህቴ እጄን ይዛ "እንግዲህ ለዚህች ልጅ ሽማግሌ ሲመጣ የምትቀመጥላት አንተ ነህ፤ ሌላ ወንድ የለንም" አለችኝ። ሽማግሌ ሲመጣ የልጅቷ ወገን ሆኖ መሃል የሚቀመጥ፣ "ሰጥተናል" ብሎ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። አባት ከሌለ አጎት ነው። እቀመጥላታለሁ ብዬ ማልኩ።

እናም ባለቤቴን "ለሷማ እነግራታለሁ" አልኳት።

"ንገራት። ከኤርፖርት ስትመለስ ግን ሻንጣህን እኔ አልቀበልህም።"

ዝም አልኩ። ያኔ ዝምታዬን እንደ ብልህነት ነበር የቆጠርኩት። ፈሪነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ከዚያ የዱላዎቹ ነገር መጣ። የጎልፍ ዱላ አውሮፕላን ላይ ሲጫን መያዣው በሌላ ወፍራም ሽፋን መሸፈን አለበት፣ ያለዚያ ዱላው ይሰበራል። የክበቡ አባላት ከውጭ የመጣ አላቸው፤ እኔ የለኝም። እዚህ ደግሞ እንደዚያ ያለ ወፍራም ነገር የሚሰፋ ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ከእህቴ ተደብቄ ለመሄድ እህቴ ራሷ ትስፋልኝ ማለት ነው። በዚህ ያልሳቅሁ በምን ልስቅ ነው? ግን አልሳቅሁም።

አሮጌው መያዣዬ ታቹ ረግቦ በሽቦ የተጠገነ ነው፤ ካየችው ታውቀዋለች። ስለዚህ ቁመቱንና ዙሪያውን በገመድ ለክቼ ገመዱን ብቻ ይዤ ቃሊቲ ሄድኩ። የጋራዡ ባለቤት አባታችንን የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው፤ በር ላይ "ጎሽ፣ እህቱን የሚጠይቅ ወንድም" ብለው ተቀበሉኝ። እህቴ መሬት ላይ የተዘረጋ የተሳቢ ሸራ መሃል ተቀምጣ ትጥፋለች።

"የማን ነው?" አለች ገመዱን ተቀብላ።

"የአንድ የክበቡ አባል። ሰውየው ውጭ ሊሄድ ነው።"

"ውስጡ የሚገባው ዕቃ አዲስ ነው?"

"አዲስ ነው፣ ታቹ እንደ ድንጋይ ነው።"

"ራሱ ነው የሚሸከመው?"

"ሾፌር አለው፣ የሚሸከምለት ሰው አለው።"

ጥግ ላይ የቆመ ትንሽ ጥቅልል አሳየችኝ። "ታች የምደርብባት ሸራ ይቺ ብቻ ናት የቀረችኝ፣ ለራሴ ሰው ነው የማስቀምጣት። ለሰውየው ነጠላው ይበቃዋል።"

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እትዬ፣ የኔ ነው። ሦስት ቃል ነው። ማሽኑን አስነሳች፣ ጮኸ፤ እኔም ድምፁን ሰበብ አድርጌ ዋጥኩት። ስትጨርስ ዙሪያውን በሰማያዊ ክር ሁለት ጊዜ ሄደችበት። ምልክቷ ነው፤ በአረንጓዴ ሸራ ላይ ሰማያዊ ክር የሚሄድ ሌላ ሰፊ ቃሊቲ ውስጥ የለም። ሰውየው ይከፍላል ብላት እምቢ አለች። "ደስ ብሎት ላንተ ካሰበልህ ይበቃኛል" አለችኝ።

መሄጃዬ ሰኞ ጠዋት ነበር። እሁድ ከሰዓት መጋረጃውን ዘግተን ሳሎን ውስጥ ማሸግ ጀመርን። የዱላዎቹ ጫፍ እንዳይጋጭ በካልሲዎቼ ጠቀለልኩት፣ መሃሉን በሹራብ ሞላሁት። ባለቤቴ "እዚያ ምን እንደሚያበሉህ አናውቅም" ብላ በሶ በፌስታል ቋጥራ በዱላዎቹ መካከል ሻጠችልኝ። ነገረኛ ብትሆንም ለሆዴ ታስባለች። መጋረጃ ዘጋን፣ ሬዲዮ ከፈትን፣ ልጆቹን አያታቸው ጋ ላክን። ሁሉን አስበን የበሩን መቀርቀሪያ ረሳን።

እህቴ አንኳኩታ አትጠብቅም፣ እያንኳኳች ነው የምትገባው። አራት ፎቅ በዚያ በማይታዘዝ ጉልበቷ ወጥታ ትንፋሿ ተቆራርጧል። እጇ ላይ ሰፊ የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ አለ፤ ቆርጣ፣ ጫፍና ጫፉን አጥፋ ሰፍታዋለች።

"ሰውየው ትከሻውን እንዳያመው ማንገቻ ሠራሁለት፤ ሥራ ስትገባ ስጠው፣ ይደሰትብ..." ብላ ቀጥ አለች።

ሸራው ምንጣፉ ላይ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል።

"ሰውየው እኛ ጋ አስቀምጦት ነው" አልኩ። ምላሴ ቀደመኝ።

ጎንበስ አለችና ሰማያዊውን ክር በጣቷ ነካችው። ከዚያ አሮጌውን መያዣ አየች፣ በሽቦ የተጠገነውን። ካልሲዎቼን አየች። ራሷ የገዛችልኝን ሹራብ አየች። በመጨረሻ ፌስታሉን ሳብ አድርጋ አወጣችና አሸተተችው።

"ሰውየው በሶ ይበላል?" አለች።

እጄን ሰድጄ ሬዲዮውን ዘጋሁ።

ባለቤቴ ቀደመች። "እትዬ፣ እንዳይቀየሙን። እንዳይበላሽ ብለን ነው። ለእናቴም አልነገርኩም፣ እግዜር ያውቃል።" እውነቷን ነው፣ ለእናቷም አልነገረችም።

"እኔ ነኝ የማበላሸው?" አለች እህቴ። የጠየቀችው ግን ባለቤቴን አይደለም፤ እኔን ዓይን ዓይኔን እያየች ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚጠፋው ሰው የለም። አንቺማ አሳደግሽኝ ይባላል፣ እግር ላይ ይወደቃል። እኔ ምን አልኩ? "ቁጭ በይ እስቲ፣ ሻይ ይፈላል" አልኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

አልተቀመጠችም። "ያንተ መሆኑን ብትነግረኝ ታቹን እደርበው ነበር" አለች። "አሁን ጋራዡ ዝግ ነው፣ እሁድ ነው።" ማንገቻውን ራሷ በሁለቱም በኩል አሰረችልኝ፣ ሳብ ሳብ አድርጋ ሞከረችው፣ ነጠላዋን አስተካከለች። "መልካም መንገድ" አለችኝ።

አልመረቀችኝም። ይህች ሴት ወደ ገበያ ስወጣ እንኳን "በሰላም ወጥተህ በሰላም ግባ" ሳትል የማትለቀኝ ናት፤ ካዲ ልሆን የሄድኩ ቀን እጄ ላይ እንትፍ እንትፍ ብላበታለች። በሕይወቴ ትልቁን መንገድ ስሄድ እንደ አውቶቡስ ረዳት መልካም መንገድ ብላኝ ወጣች። ልሸኛት ተከትያት ደረጃው ላይ ስደርስ ዘወር አለች።

"ግባ" አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሰው ያይሃል።"

ግድግዳውን እየተደገፈች አራት ፎቅ ብቻዋን ወረደች። እኔ ወደ ቤት ተመለስኩ። ባለቤቴ መጋረጃውን እያስተካከለች "እንግዲህ ቀረ በለው" ስትል ጮህኩባት፣ በእህቴ ስም የሌለውን ያለውን ተናገርኳት። ለእህቴ ተቆርቁሬ የሚመስል ነበር። አይደለም፤ በራሴ መናደድ ስለከበደኝ ነው።

ጉዞው አልቀረም። ናይሮቢ ዕቃ መቀበያው ላይ ቆሜ ስጠብቅ ሸራው መጣ። አሮጌው መያዣ ታቹ ለቆ የዱላዎቹ ክብደት ሁሉ ነጠላው ሸራ ላይ አርፎ ቀዶታል። ሁለት ዱላ ወጥቶ ጠፍቷል። አንደኛው ጉድጓዱ ያለበት አጭሩ ሣር ላይ ከደረስክ በኋላ ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የምታስገባበት፣ ከአሥራ አራቱ አብልጬ የምወደው ነበር። ፌስታሉም ተቀዶ በሶው ሁሉም ነገር ላይ ተነስንሷል። ፈታሹ በጣቱ ነክቶ ምን ዱቄት ነው አለኝ፤ ምሳዬ ነው አልኩት። ስፌቱን አየሁት። ሰማያዊው ክር አንድም ቦታ አልተበጠሰም፣ የእህቴ ማንገቻም እንዳሰረችው ነው። የተቀደደው ይደረብ ነበር ያለችው ቦታ ብቻ ነው።

በተዋስኩት ዱላ ተጫወትኩና ከመጨረሻ ሦስተኛ ወጣሁ። ተመልሼ ስመጣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ "ሀዋሳ እንዴት ነበር?" አሉኝ። ይሞቃል አልኳቸው። ከሄድክ በኋላ ይወራል የሚባለው የናይሮቢ ወሬም ሳይወራ ቀረ፤ ምኑ ይወራል?

በሳምንቱ ከናይሮቢ ያመጣሁትን የአንገት ልብስና ሻይ ቅጠል ይዤ አቃቂ ሄድኩ። እህቴ "እግዜር ይስጥህ" ብላ ተቀበለችኝ፣ ምሳ አቀረበችልኝ፣ ብላ ብላ አለችኝ። ስለ ሸራው አልጠየቀችም። እኔም ታቹ ተቀደደ አላልኩም፣ ይቅርታም አላልኩም። እሷ ከረሳችው ለምን አስታውሳታለሁ አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በዓል ሲመጣ እንደዋወላለን፣ ስሄድ ታበላኛለች፣ እየሳቀች ታወራኛለች። አለፈ ብዬ ደስ አለኝ። ያልታዘብኩት፣ ስለ ልጇ ስጠይቃት ሁልጊዜ "ደህና ናት" ብቻ ማለቷን ነው።

ዓመት አለፈ። አንድ ማክሰኞ ከቃሊቲ ወደ ገላን ታክሲ ይዤ ስቀመጥ አጠገቤ ያሉት የጋራዡ ባለቤት ሆኑ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"እንዴ፣ መጣህ? እንኳን በሰላም ገባህ።"

"እንኳን ደህና ቆዩኝ" አልኩ፣ ምን እንደሚሉ ሳይገባኝ።

"ያመለጠህ እኮ! እሁድ ሽማግሌዎቹ መጥተው በአንተ ቦታ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እህትህ 'ወንድሜ ለጨዋታ ውጭ ሀገር ሄዷል፣ እርስዎ ይቀመጡልኝ' ስትለኝ እንዴት እምቢ ልበላት? ልጅቷን ሰጥተናታል። ልጁም ጨዋ ነው፣ ወገኖቹም ጨዋ ናቸው። ብቻ ሰጥተናል ስል ሆዴ ባባ፤ ይኼን ማለት የነበረበት አጎቷ ነው ብዬ በሰው ፊት ተናግሬያለሁ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እሁድ እኔ ቤቴ ነበርኩ። ከእህቴ ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቄ፣ ስልኬ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ጋቢ ደርቤ ኳስ ሳይ ዋልኩ። እህቴን በዕድሜዬ ሙሉ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም። ወንድሟ እያለ ቀረ እንዳይባል ሸፍናኝ ይሆን ወይስ ያበደርኳትን መለሰችልኝ፣ አላውቅም። ታክሲው ውስጥ ሰው ባይኖር ኖሮ አለቅስ ነበር።

እሳቸው ፊቴን እያዩ ይጠብቃሉ። ሀገሬ ነበርኩ ብል እህቴን በሽማግሌ ፊት ውሸታም ማድረጌ ነው።

"ለመሆኑ መቼ ገባህ?" አሉኝ።

"ትናንት ነው የገባሁት" አልኳቸው።